ኬላ ያቆማት የወደብ ከተማ

በደቡብ አየርላንድ፣ ከኮርክ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የብላክዋተር ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበትን አፍ ይዛ የተቀመጠች ዮል የምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ ከ8 ሺህ ብዙም አይዘሉም። የሚያስተዋውቋት ሁሉ ረጅሙን አሸዋማ የባሕር ዳርቻዋን ያስቀድማሉ፤ ቀጥለውም ጆን ሂውስተን በ1954 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሞቢ ዲክ» የተባለውን ፊልም የቀረጸው በዚህች ወደብ መሆኑን ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ግንቡ የሚመጡት፤ እሱንም ቢሆን የጦርነት ዘመን ቅርስ አድርገው ነው። የእኔ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ዮል የምትገባን ግንቧን ከምሽግነቱ ይልቅ ኬላነቱን አስበን ስናየው ነው። ያቆማት ቀረጥ ነው፤ ያሳደጋትም፣ በክፉ ቀን ያስለቀሳትም በበሩ የሚገባውና የሚወጣው ሸቀጥ ነው።

ማስረጃው ከገንዘቡ ይጀምራል። በ1275 የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ የከተማዋ ግንብ እንዲጠገን ፈቃድ ሰጠ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፈቃድ ማለት ከቤተ መንግሥት የሚላክ ገንዘብ ማለት አልነበረም፤ ለሽያጭ በሚገባ ሸቀጥ ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ቀረጥ የመሰብሰብ መብት ነበር። ስለዚህ የግንቡን ድንጋይ የገዛው የገበያተኛው ሳንቲም ነው። ግንቡም በተራው ውለታውን ይመልሳል። ዙሪያዋ ክፍት የሆነ ከተማ ውስጥ ነጋዴው ባሻው ጓሮ ሾልኮ ይገባል፤ ዙሪያዋ ሲታጠር ግን ከገጠር የመጣው ሱፍና ቆዳም፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ወይንና ጨውም ቆጣሪ በቆመበት በር ማለፍ ግድ ይለዋል። በዋናው መንገድ ላይ እስከ ዛሬ የቆመው ቲንትስ ካስል የተባለው የ15ኛው መቶ ዘመን ግንብ ቤት ይህንኑ ይመሰክራል። የድንጋይ ግድግዳውን ያየ ሰው የመስፍን መኖሪያ ይመስለዋል፤ ያሠሩት ግን ነጋዴዎች ናቸው።

«ግንብማ የሚሠራው ለጠላት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ መልሱን ከታሪኩ ያገኘዋል። በ1579 የዴዝሞንድ ኤርል በእንግሊዝ ዘውድ ላይ ባመፀ ጊዜ ጦሩ ግንቡን አልፎ ከተማዋን ዘረፈ። ከንቲባውም ከተማዋን አላስጠበቅህም ተብሎ በዘውዱ ወገን በራሱ ቤት ደጃፍ ተሰቀለ። በ1649 ደግሞ የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ክሮምዌል አየርላንድን ሲወር ዮል በከበባ አልተያዘችም፤ የጦር ሰፈሯ ራሱ ወደ እሱ ወገን ገብቶ በሯን ከፈተለት፤ እሱም ክረምቱን እዚያው አሳለፈ። በመጨረሻ ወደ እንግሊዝ የሄደው በወንዙ በኩል ባለው ቅስት በር እንደሆነ ይነገራል፤ በሩም እስካሁን በስሙ ይጠራል። የምሽግነትን ክርክር በእርግጥ የሚያግዝ አንድ ዓመት አለ፤ እሱም 1645 ነው። በዚያ ዓመት የካቶሊክ አየርላንዳውያን ጦር ዮልን ለወራት ከብቦ ሳይዛት ተመለሰ። ነገር ግን በዚያን ጊዜም ከተማዋን በሕይወት ያቆያት በባሕር የደረሰላት ስንቅና ረዳት ነው። ከበባው ስለዚህ የግንቡን ጥንካሬ ያህል የወደቡን ክፍትነት ያሳያል። ግንቡ በጦርነት አልጠቀመም አልልም፤ የጠቀመው ግን ወደቧ እየሠራ እስከነበረ ድረስ ብቻ ነው።

ከዚህ የከበደ ሁለተኛ ተቃውሞ አለ። ግንቡን ኬላ ብሎ መጥራት ቅኝ አገዛዝን በንግድ ስም ማልበስ አይሆንም ወይ? ግንቡ ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ሰፋሪ ከባላገሩ አየርላንዳዊ የለየ አጥር አልነበረም ወይ? ነበር። ከዴዝሞንድ አመፅ በኋላ ከተወረሰው መሬት 42 ሺህ ኤከር ለሰር ዋልተር ራሊ ተሰጠ፤ እሱም በ1588 እና በ1589 የዮል ከንቲባ ሆነ። በ1602 ይህን ሁሉ መሬት ለሪቻርድ ቦይል በ1,500 ፓውንድ ሸጠለት። ቦይል፣ በኋላ የኮርክ ኤርል የተባለው፣ በብላክዋተር ሸለቆ ብረት አስቀለጠ፤ ጫካውን አስመንጥሮ ለበርሜል የሚሆን እንጨት ወደ ውጭ ላከ፤ የዚህ ንግድ መውጫ ዮል ነበረች። ያገኘው ሀብት ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ የሚሻ ከ1220 ገደማ ጀምሮ የቆመችውን የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይግባ። ቦይል እዚያ በቀለም ያጌጠ ግዙፍ የመቃብር ሐውልት አሠርቶ፣ ከሚስቶቹና ከልጆቹ ጋር በድንጋይ ተቀርጾ በክርኑ ተደግፎ ተጋድሟል። ታዲያ ይህ ሁሉ የኬላውን ክርክር አያፈርሰውም፤ ያጠናክረዋል እንጂ። ኬላ ያለ ባለቤት አይቆምም። ማን ከፋይ፣ ማን አስከፋይ እንደሚሆን የሚወስነው በሩን የያዘው ነው፤ በዮል ደግሞ በሩን የያዘው ባላገሩ አልነበረም።

ይህ ከሁሉ ጎልቶ የታየው በ1846 ነው። ድንቹ ለሁለተኛ ጊዜ በበሽታ ተመትቶ አገሩ ሲራብ፣ በመስከረም ወር የተቆጣ ሕዝብ ወደ ዮል ወደብ ተመመ፤ አጃ ጭኖ ወደ ውጭ ሊሄድ የነበረን መርከብ ሊያስቀር ሞከረ። ወታደሮች ከለከሉት። እኔ ስለዚህች ከተማ ከማውቀው ሁሉ ይህን ያህል ልብ የሚነካ የለም። ራሊ በአየርላንድ የመጀመሪያውን ድንች የተከለው በዮል፣ ማርትል ግሮቭ በተባለው ቤት ጓሮ ነው የሚለው አፈ ታሪክ ማረጋገጫ የለውም፤ ጎብኚው ሲሰማው ደስ ቢለው ክፋት የለበትም። ነገር ግን ድንች የሌለው ሰው ደጃፉ ላይ እህል ሲጫን ቆሞ ያየበት ወደብ እውነት ነው፤ ያንን ሳይሰሙ ከዮል መመለስ ግማሹን አለማየት ነው። በዚያው የረሃብ ዘመን የፕሬዘንቴሽን ገዳም መነኮሳት ለከተማዋ ሴቶች ልጆች ገቢ ለማግኘት በመርፌ የሚሠራ ዳንቴል ማስተማር ጀመሩ። ሜሪ አን ስሚዝ የተባሉት መነኩሲት አሮጌ የጣልያን ዳንቴል አግኝተው ክሩን እየፈቱ ስፌቱን አጠኑና ለልጆቹ አሳዩ። የዮል ዳንቴል ከዚያ በኋላ እስከ እንግሊዝ ቤተ መንግሥት ድረስ የሚፈለግ ሸቀጥ ሆነ። በወደቧ ከወጣው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወደ ድሃ እጅ የተመለሰው ይህ ነው ብል አልሳሳትም።

በ1777 በአሮጌው የከተማ በር ቦታ ላይ፣ ዋናውን መንገድ በቅስቱ ሥር የሚያሳልፈው ባለ ሰዓት ግንብ ተሠራ። በዚያን ጊዜ ከተማ በግንብ የመጠበቅ ዘመን አብቅቷል፤ በሩ ግን ሥራ አላጣም። ከላይ የገበያውን ሰዓት ይቆጥራል፤ ከሥሩ ባሉት ክፍሎች እስከ 1837 ድረስ እስረኛ ይይዛል። በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ከተነሳው የ1798ቱ አመፅ ጋር በተያያዘ የተያዙ ሰዎች እዚያ ታስረዋል፤ የተሰቀሉም አሉ። ሰዓትና እስር ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር መዋላቸው እንዲሁ የሆነ አይመስለኝም፤ ገበያን የሚገዙት ሁለቱም ናቸውና። እስረኞቹ ከወጡ በኋላ ጠባቂ ቤተሰቦች እስከ 1959 ኖሩበት፤ ዛሬ በአስጎብኚ ይታያል።

ከግንቡ ምን ቀረ፣ ምን ጠፋ የሚለውም ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። በኮረብታው በኩል፣ ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው ረጅም ክፍል በአየርላንድ በተሻለ ይዞታ ላይ ካሉት የከተማ ግንቦች አንዱ ነው። በውሃው በኩል የነበረው ግን ከቅስት በሩ በቀር ከሞላ ጎደል የለም። ጦርነት መርጦ ያፈረሰው አይደለም፤ ንግዱ ሲሰፋ ነጋዴው መትከያ ስለፈለገ ወንዙን እየሞላ፣ ግንቡን እያለፈ ወጣ። ገንዘብ ያልፈለገው ተረፈ፤ የፈለገው ፈረሰ። ከዚያ በኋላ መርከቦች እየገዘፉ ሲሄዱ የወንዙ አፍ አሸዋ አስቸገራቸው፤ ንግዱም ጥልቅ ወደብ ወዳላት ወደ ኮርክ አደላ። ሂውስተን በ1954 የ19ኛውን መቶ ዘመን የዓሣ ነባሪ አዳኞች ወደብ በዮል የገበያ አደባባይ ሊሠራ የቻለው መትከያው ብዙም ስላልተለወጠ ነው፤ አለመለወጡ ግን ሥራ በማጣት የተገኘ ነበር። ይህን ሳያነሱ ስለ ጥንታዊ ውበቷ ብቻ መጻፍ ለነዋሪዎቿ ፍትሐዊ አይደለም።

ባቡር በ1860 ሲገባ ዮል የኮርክ ሰዎች መዝናኛ ሆነች። መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎቱ በ1963 ተቋረጠ፤ በ2003 ደግሞ አዲሱ አውራ ጎዳና ከተማዋን ጎን ትቶ አለፈ። የቀድሞው ሐዲድ በ2024 ከሚድልተን እስከ ዮል 23 ኪሎ ሜትር የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኖ ተከፍቷል። በዚህ የሚመጣ ሰው የሚገባው በባሕር ዳርቻው በኩል ስለሆነ እዚያው ለመቅረት ይፈተናል። ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ጎብኚ ግን በቀጥታ ወደ ኮረብታው ግንብ ቢወጣ፣ ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ወደ ሰዓቱ በር ወርዶ፣ በመጨረሻ በቅስት በሩ ወደ ወደቡ ቢዘልቅ ይሻለዋል፤ ሸቀጡ ከገጠር ተነስቶ፣ ተቀርጦ፣ መርከብ ላይ እስኪጫን የሄደበትን አቅጣጫ ይከተላልና።