መርፌውን ተዉት

ጠጋ በሉማ፤ ወረፋ የያዙት እንዳይሰሙን።

ስኳር ዓይኑን የነካበት ሰው "ዓይንህ ውስጥ ትወጋለህ" ሲባል ፊቱ አመድ ይመስላል። እኛ የመርፌ ክፍሎቹ ግን መርፌውን ከቁብ አንቆጥረውም። ቀጭን ነው፤ የሚገባውም ከጥቁሩ ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በነጩ በኩል። ዓይኑ በጠብታ ደንዝዟል። ሳታውቁት ያልቃል።

ታዲያ የምንፈራው ምንድን ነው? ወሬ! አፋችን ውስጥ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። በምራቅ ፍንጣቂ መርፌው ጫፍ ላይ ካረፈ ጉድ ይፈላል። ሐኪሙ ድንገት ዝም ካለ ተቆጥቶ አይምሰላችሁ። እናንተም ከጨንቻ ስንት ሰዓት እንደተነሳችሁ ያን ጊዜ አትንገሩን። ሲያልቅ እንሰማለን።

ያቺ የምታቃጥል ቡናማ ጠብታስ? አዮዲን ናት። ሁሉም ይረግማታል። ጀርሙን የምትገድልልን ግን እሷ ናት፤ ቀደም ብሎ ለቀናት የሚጨመረው የአንቲባዮቲክ ጠብታ ይህን ያህል ሲረዳ አልታየም። አታሻሹ፤ ግማሽ ደቂቃ ታቃጥል።

ስለ ብልቃጡም ልንገራችሁ። የምንወጋችሁ መድኃኒት አቫስቲን ይባላል፤ የተሠራው ለአንጀት ካንሰር ነው። ትንሹ ብልቃጥ 4 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ለአንድ ዓይን የሚበቃው 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ። ስለዚህ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፤ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። የሚከፋፈልበት ክፍል ንጹሕ ካልሆነ ግን አንድ ብልቃጥ ብዙ ዓይን ይዞ ይሄዳል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ፓኪስታን ፑንጃብ ውስጥ የሆነው እሱ ነው።

በአጠቃላይ ኢንፌክሽኑ የሚከሰተው ከ2,000 እስከ 3,000 መርፌ አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ብርቅ ነው። ተንኮሉ ሰዓቱ ላይ ነው፦ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የአርባ ምንጩ ሰው አዲስ አበባን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትቶ፣ ሲቀላ ሰፈር ወርዶ፣ ዘመድ እየጠየቀው ነው። "ነፋስ መቶህ ነው" ይሉታል። ኧረ ምን ነፋስ! ነጩ ላይ የደም ጠብታ ብቻ ከታየ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ሕመሙ እየባሰ፣ እይታው እየደበዘዘ ከሄደ ግን አንቲባዮቲኩ ራሱ ዓይን ውስጥ መወጋት አለበት፤ ያውም በሰዓታት ውስጥ።

እና ወደ አገራችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት የክፍሉን ስልክ ጠይቁን። ፊታችን ቢኮሳተርም እንሰጣለን። ከተቻለ ደግሞ አዲስ አበባ ያለችው የአክስት ልጅ ዘንድ ጥቂት ቀን እደሩ፤ ቡናዋም አይጎዳም።