ስለ ሲግናልና ስለ ምዝገባ

በእጅ ስልክ ላይ የሚሠራ መተግበሪያ፣ ላዩን ለሚያየው ሰው ጸጥ ያለ ገጽ ቢመስልም፣ ውስጡ ግን ዕረፍት የለውም፤ ተጠቃሚው ፊደል ሲጽፍ፣ ከሩቅ ያለው ሰርቨር መልስ ሲልክ፣ ኔትወርኩ ሲቋረጥና ሲመለስ፣ ሁሉም ያለ ተራና ያለ ቀጠሮ ይደርሳሉ። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ለብዙ ዘመን ይህን ያስተናግዱ የነበረው፣ ለእያንዳንዱ ድርጊት የተለየ ትእዛዝ እየጻፉና የደረሰውን ነገር በየስፍራው እየመዘገቡ ስለ ነበረ፣ አንዱ መዝገብ ታርሞ ሌላው ሳይታረም የቀረ እንደ ሆነ ገጹ ለተመልካቹ ሐሰት ይነግረው ነበር።

ከዚህ ውዥንብር የሚያወጣው ሐሳብ ግን ዛሬ የምናውቃቸውን ስልኮች ይቀድማል። ኮናል ኤሊየትና ፖል ሁዳክ የተባሉ ሊቃውንት በ1997 እ.ኤ.አ. ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ባቀረቡት ጥናት፣ ከጊዜ ጋራ የሚለዋወጥ ነገር ራሱን እንደ ቻለ አንድ አካል ተቆጥሮ ከሌላው ጋራ ሊጣመር እንደሚችል አሳዩ። ኋላም በማይክሮሶፍት ኤሪክ ማየርና ባልደረቦቹ ተቀራራቢውን መንገድ ለዕለት ሥራ አመቻቹት፤ በ2012 ጊትሀብ ለአፕል መሣሪያዎች ሪአክቲቭኮኮአ የተባለውን የኮድ ስብስብ፣ በ2013 ኔትፍሊክስ አርኤክስጃቫን አወጡ፤ አፕልም በ2019 ኮምባይን የተባለውን የራሱን አስከተለ።

እዚህ ሲግናል የምንለው እንግዲህ ያ ከጊዜ ጋራ የሚለዋወጠው ነገር በጊዜ ውስጥ እየተከታተለ የሚልከው መልእክት ነው፤ መልእክቱም አዲስ ዋጋ መምጣቱን፣ ስሕተት መድረሱን፣ ወይም ሥራው መፈጸሙን ይናገራል፤ ከኋለኞቹ ከሁለቱ አንዱ ከተነገረ በኋላ ሌላ ቃል አይሰማም። ይህን ለመቀበል የሚሻ የመተግበሪያው ክፍል ይመዘገባል። አካውንት በሚከፈትበት ገጽ ላይ፣ የኢሜይል አድራሻው ካልተሟላ ወይም ሁለት ጊዜ የተጻፈው የይለፍ ቃል ካልተስማማ የመክፈቻው ቁልፍ እንዳይሠራ ቢፈለግ፣ በቀድሞው ልማድ ይህ ፍርድ በሦስቱም ሳጥኖች ዘንድ መደጋገም ነበረበት፤ በሲግናል ግን ሦስቱ ምንጮች ተጣምረው ሕጉ በአንድ ስፍራ አንድ ጊዜ ብቻ ይደነገጋል።

ይልቁንም የዚህ ጥበብ ጥቅም ጎልቶ የሚታየኝ በፍለጋ ሳጥን ነው። በድምፅ ላይ በተመሠረተ የፊደል ገበታ «ቡና» ብሎ ለሚጽፍ ሰው፣ ሳድሱ «ብ» ቀድሞ ይወጣና ወደ ካዕቡ «ቡ» ይለወጣል፤ ቀጥሎ «ቡን»፣ በመጨረሻም ራብዑ ደርሶ «ቡና» ይሆናል። በእያንዳንዱ ለውጥ ጥያቄ ወደ ሰርቨር ቢላክ፣ ለአንዲት አጭር ቃል አራት ጥያቄ ይሄዳል፤ ሦስቱ ተጠቃሚው ያላሰባቸው ሲሆኑ፣ ወጪያቸው ግን ከገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ላይ ይቀነሳል። የባሰውም፣ መልሶቹ በተጠየቁበት ተራ እንዲመለሱ የሚያስገድድ ነገር ስለሌለ፣ ዘግይቶ የደረሰው የ«ቡን» መልስ የ«ቡና»ን ሽሮ በገጹ ላይ ሊቀመጥ መቻሉ ነው። በሲግናል የሚሠራ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ የተጠቃሚው እጅ ከመጻፍ ለጥቂት ጊዜ፣ 0.3 ሰከንድ ለሚያህል፣ እስኪያርፍ ጠብቅ፤ የተደገመውን ተወው፤ አዲስ ጥያቄ ሲነሣ የቀደመውን መልስ አትቀበል ብሎ በጥቂት መስመር ይደነግጋል።

ይሁን እንጂ ምዝገባ ኀላፊነትም አለበት። ብዙዎቹ ሲግናሎች ተመዝጋቢ እስኪመጣ ድረስ ሥራ አይጀምሩም፤ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢም ሥራውን እንደ ገና ከመጀመሪያው ይፈጽማሉ፤ ስለዚህም ገንዘብ የሚያስተላልፍ ጥያቄ በእንዲህ ያለ ሲግናል ቢጻፍና ሁለት ክፍሎች ቢመዘገቡበት፣ ውጤቱን ለሁለቱ የሚያካፍል ሥርዓት ካልተበጀ፣ ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይላካል። ፍጻሜ የሌለው ሲግናልም፣ የሰዓት ቆጣሪን የመሰለው፣ ተጠቃሚው ገጹን ዘግቶ ከሄደ በኋላ እንኳ ተመዝጋቢውን በማኅደረ ትውስታ ይዞ ያቆየዋል። ምዝገባው ሲፈጸም የሚሰጠው የመሰረዣ ሰነድም ይህን ለመከላከል የተበጀ ነውና፣ ያን ሰነድ ከገጹ ዕድሜ ጋራ አስሮ ገጹ ሲዘጋ ምዝገባውም እንዲሻር ማድረግ፣ ጥንቃቄ ያለው ፕሮግራም ጸሐፊ ምዝገባውን በጻፈበት በዚያው ሰዓት የሚፈጽመው ሥራ ነው።