የግንባታ ሥራ በድርቅ በተጠቃው ደጋ፦ ኅብረት፣ ወጥ መለኪያና ቴክኒክ

ድርቅ ባጠቃው አካባቢ የሚሠራ እርከን፣ መንገድ ወይም መጋዘን ከእርዳታው ሥራ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። የታደለው እህል በጥቂት ወራት ያልቃል፤ በእህሉ ክፍያ የተሠራው ሥራ ግን በአግባቡ ከተከናወነ ለሚቀጥለው ክፉ ቀን መከታ ይሆናል።

የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ አቀስታ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የአካባቢው ገበሬ በአብዛኛው ገብስ አምራች ሲሆን፣ የበልግ ዝናብ ሲዛባ ለከፍተኛ ችግር ይጋለጣል። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ድንጋይ ሞልቷል፤ ለግንባታ የሚሆን እንጨት ግን እምብዛም አይገኝም። በደቦና በወንፈል መረዳዳት የቆየ ልማድ በመሆኑ የኅብረት ሥራ ለሕዝቡ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ይህ ኅብረት በአንድ መለኪያ መመራቱ ነው።

የጉልበት ብዛት ብቻውን እንደማይበቃ በ1977 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፈራ ያስገነዝባል። በ1978 ዓ.ም. እስኪቋረጥ ድረስ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው ከወሎ ተነሥቶ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓጉዟል። ለሰፋሪዎቹ ጎጆ ለመቀለስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ጭምር ዘምተዋል። ሆኖም ችኮላው ለቦታ ጥናትና ለዝግጅት በቂ ጊዜ አልሰጠም።

ወጥ መለኪያ የሚያስገኘው ጥቅም በእርከን ሥራ ላይ በግልጽ ይታያል። 1 ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን ለመሥራት 250 የሰው ቀን፣ ለአፈር እርከን ደግሞ 150 የሰው ቀን በሥራ ልክነት ሲያገለግል ቆይቷል። ክፍያው በቀን 3 ኪሎ ግራም እህል ከሆነ፣ 1 ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን 7 ኩንታል ከ50 ኪሎ ይወስዳል። ልኩ አስቀድሞ በመታወቁ ሠራተኛው የድርሻውን ያውቃል፤ ተቆጣጣሪውም የሚያመሳክርበት መነሻ ያገኛል።

ቴክኒኩም ቢሆን የግድ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሁለት ሰዎች ምልክት የተደረገባቸውን እንጨቶች ቀጥ አድርገው ይዘው 10 ሜትር ገመድ ይወጥራሉ፤ ሦስተኛው በገመዱ መካከል የተንጠለጠለውን ውሃ ልክ ያነባል። እርከኑ በዓይን ግምት ተሠርቶ አንድ ቦታ ዝቅ ካለ ጎርፉ እዚያ ይጠራቀማል፤ ከጣሰውም ከሥር ያሉትን እርከኖች በተራ ያፈርሳል። በዚህ ጊዜ የሕዝቡ ጉልበትም፣ የተከፈለው እህልም፣ አፈሩም አብረው ይጠፋሉ።

በሕንፃ ሥራም ተመሳሳይ ለውጥ ታይቷል። በአዲስ አበባ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ልካቸው አንድ በሆነ ብሎኬቶችና አስቀድመው በተዘጋጁ የኮንክሪት ቢሞች በመጠቀሙ ለማቀፊያ የሚውለውን እንጨት ቀንሷል። እንጨት ላነሰው ደጋ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ሲሚንቶና ብረት በመኪና ተጭኖ ስለሚመጣ፣ ግድግዳውን በአካባቢው ድንጋይ ሠርቶ የበሩን፣ የመስኮቱንና የጣሪያውን ልክ አንድ ማድረጉ ብዙ ጊዜ ይመረጣል። የበሩ ልክ በየትምህርት ቤቱ አንድ ከሆነ አናጢው ብዙ በሮችን በአንድ ጊዜ አዘጋጅቶ መጠበቅ ይችላል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የሕዝብ ሥራዎች በማኅበረሰቡ ተሳትፎ እንዲታቀዱና በቴክኒክ መመዘኛ እንዲሠሩ ደንግጓል። መመዘኛው ፍሬ የሚሰጠው የግብርና፣ የመንገድና የውሃ ባለሙያዎች በአንድ ዕቅድ ሲሠሩ ነው፤ ከመንገዱ ቦይ የሚለቀቀው ጎርፍ የታችኛውን እርከን ሊያፈርስ ይችላልና። ስለሆነም ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ሥራው በውሃ ልክና በሜትር ተለክቶ መረከብ አለበት። ስፋቱን ብቻ የሚናገር ሪፖርት ጎርፍ አያቆምም።