እናቱን ያላየ ጫጩት

ከደሎ መና በላይ በሃረና ደን ዳር አንዲት የሀገር ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ ቅጠል ስትጭር ያየ ሰው፣ መብል ፍለጋ የምታስተምራቸው ይመስለዋል። እውነትም ታስተምራቸዋለች። ነገር ግን ከትሉና ከጥሬው ጋራ ሌላም ነገር ታወርሳቸዋለች። ጫጩቶቹ እርሷ ኩስ በጣለችበት መሬት ላይ ሲለቅሙ፣ በአንጀቷ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ወደ እነርሱ አንጀት ይገባሉ። ነገሩ ለሰሚው የሚያጸይፍ ቢመስልም ለጫጩቱ ትልቅ ውርስ ነው።

ከዚያ ደን ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ በጎባ በኩል ሮቤ የገባ መንገደኛ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጫጩት ያገኛል። ይህኛው በመፈልፈያ መኪና ተፈልፍሎ፣ ከቢሾፍቱ በካርቶን ተጭኖ የመጣ የሥጋ ዶሮ ነው። እናቱን አላየም፤ ስለዚህ ከእርሷ የወረሰው ነገር የለም። ሆኖም 40 ግራም ያህል ሆኖ ተወልዶ በ6 ሳምንት ውስጥ 2 ኪሎና ከዚያም በላይ እንዲመዝን ይጠበቅበታል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው አንጀቱ ነው። የአንጀቱ ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ባና ፀጉር ባሉ ጥቃቅን ጭራዎች የተሸፈነ ሲሆን፣ ምግቡ ወደ ደም የሚገባው በእነዚህ በኩል ነው። ጭራዎቹ የተጎዱ እንደ ሆነ መኖው በብር ተገዝቶ በኩስ ይወጣል።

ከደመወዙ ቆጥቦ 100 ጫጩት ያስመጣ አንድ ወጣት ጸሐፊ በሦስተኛው ሳምንት ኩሱ ቀጥኖ፣ ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ጥለው ቢያገኛቸው ምን ያደርጋል? ብዙ ጊዜ ወደ መድኃኒት መሸጫ ይሮጣል፤ ቢጫ ዱቄት ገዝቶ በውሃ ይበጠብጣል። አንዳንዱማ ሳይታመሙም ይሰጣቸዋል፤ «ያወፍራል» ተብሏልና።

ይህ ወሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በሌደርሌ ላቦራቶሪ ጁክስና ስቶክስታድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ ኦሬኦማይሲን የሚባለው መድኃኒት የተሠራበትን ዝቃጭ ለጫጩቶች ቢያበሉ ቶሎ ቶሎ ሲያድጉ አዩ። ከዚያ ወዲህ አንቲባዮቲክ በመኖ መጨመር በዓለም ተዛመተ። ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መድኃኒት የሚቀምስ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምደዋል። የለመደውም ባክቴሪያ ከዶሮ ቤት ወጥቶ የጸሐፊውን ልጅ ቢይዝ፣ በጤና ጣቢያው ያለው መድኃኒት ላያድን ይችላል። ስለዚህ ስዊድን በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረት ሀገሮችም በሙሉ ከ2006 መጀመሪያ አንሥቶ ለማወፈሪያ መስጠቱን ከለከሉ።

ታዲያ በምን ይተካ? መልሱን ፊንላንዶች ቀድመው ጀምረውት ነበር። ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ በ1971 በሀገራቸው የሥጋ ዶሮዎች ላይ ከተስፋፋ በኋላ፣ ኑርሚና ራንታላ ከጤነኛ ትልቅ ዶሮ ሆድ የተወሰደውን ለአዳዲስ ጫጩቶች ሰጥተው ሳልሞኔላ እንዳይሰፍርባቸው ማድረግ እንደሚቻል በ1973 አስታወቁ። የሃረናዋ ዶሮ ያለ ላቦራቶሪ የምትሠራውን ሥራ መሥራታቸው ነበር! ዛሬ ፕሮባዮቲክ እየተባለ በከረጢት የሚሸጠው ጠቃሚ ባክቴሪያ ዓላማው ይኸው ነው። የሚረዳው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ክፉው ባክቴሪያ ቦታውን ሳይዝ ሲሰጥ ነው።

በባሌ ደጋ ደግሞ ልዩ ነገር አለ። አገሩ የስንዴና የገብስ አገር ስለ ሆነ፣ በቆሎውን ትቶ በእነዚህ መቀለብ ርካሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በገብስና በስንዴ ውስጥ ያለው ሙጫ መሰል ነገር በጫጩት አንጀት ውስጥ እንደ አጥሚት ይወፍራል። ምግቡ ሳይፈጭ ይቆያል፤ ኩሱ ይጣበቃል፤ ሰጋቱራው ይረጥባል። በረጠበ ሰጋቱራ ላይም አንጀት የሚያደማው ኮክሲዲዮሲስ ይራባል። በ1957 ግድም በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ገብስ በውሃ ተዘፍዝፎና ደርቆ ወይም ኤንዛይም ተጨምሮበት ሲሰጥ ጫጩቶቹ በተሻለ እንደሚያድጉ አሳዩ። ለሮቤ ዶሮ አርቢ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከተጨማሪዎቹ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ኤንዛይም ነው፤ ችግሩ ከገዛ እህሉ የመጣ ነውና።

የባሌ ጥቁር አዝሙድስ? ተፈጭቶ ከመቶ አንድ እጅ ያህል በመኖ እየተጨመረ በልዩ ልዩ ሀገር ተሞክሯል። አንዳንዱ ሞካሪ ክብደት ጨመረ ሲል ሌላው ለውጥ አላየሁም ብሏል። በሽታን ይፈውሳል ብሎ መተማመን ግን አይገባም።

አንድ ነገር ሳንዘነጋ እንለፍ። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ ጎባም ከዚያ ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ በፍጥነት የሚያድግ የሥጋ ዶሮ ልቡ ይደክምና ሆዱ ውሃ ይቋጥራል። ባለቤቱ የአንጀት በሽታ መስሎት ዱቄት ይበጠብጣል። ይህን ግን ምንም ዱቄት አያድነውም፤ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኖውን ጥቂት ቀነስ አድርጎ እድገቱን ማዘግየት፣ ብርዱንም መከላከል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት 32 እና 33 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ የሮቤ ሌሊት ደግሞ አይታወቅም እንዴ?

ስለዚህ ወጣቱ ጸሐፊ ቢጫውን ዱቄት ከመግዛቱ በፊት ሰጋቱራውን በእጁ ጨብጦ ይየው፤ ከተጣበቀ ያውጣና በደረቅ ይለውጠው። ከዚያ በኋላም ዶሮ የሞተችበት እንደ ሆነ ሳትከርም፣ በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዶ ሆዷን ያስከፍት። አንጀቷ ደም ካለበት ሕክምናው አንድ ነው፤ ሆዷ ውሃ ከቋጠረ ሌላ ነው።