ነፃው ኮድና የሞካሪው ኪሳራ

ራውተር ከካርቶኑ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው የሚወርድ ዕቃ ነው። አምራቹ አዲስ ሞዴል ለገበያ ባቀረበ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአሮጌው ይልክ የነበረውን የሶፍትዌር ማሻሻያ ያቋርጣል። ዕቃው ግን አልተበላሸም። መብራቱ ይበራል፤ ኢንተርኔቱንም ለቤቱ፣ ለሱቁና ለቢሮው ማከፋፈሉን ይቀጥላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ሰርጎ ገብ ሲያገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተሰኘው አደገኛ ፕሮግራም ሲጋለጥ፣ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን እንደያዘ የሲስኮ ኩባንያ የጥናት ክፍል አስታውቆ ነበር። አብዛኞቹም በመኖሪያ ቤቶችና በአነስተኛ ንግድ ቤቶች የተተከሉ ራውተሮች ነበሩ።

የዕቃው ባለቤት እንግዲህ ሁለት ምርጫ አለው። አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት፣ አለዚያም የአምራቹን ፈርምዌር አጥፍቶ በበጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ ሌላ ፈርምዌር መጫን። ፈርምዌር ማለት በዕቃው ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ተቀምጦ ዕቃውን ከመነሻው የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ነው። ኦፕን ደብሊውአርቲ፣ ዲዲ ደብሊውአርቲና ቶሜቶ በዚህ ዘርፍ የታወቁ ስሞች ናቸው፤ በነፃም ይገኛሉ። ሁለተኛው ምርጫ ርካሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በነፃ የተገኘው ኮድ በእርግጥ መሥራቱን ቀድሞ የሚያጣራ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ቤታ የሚባለውን የሙከራ እትም ከሌሎች በፊት የሚጭነው ነው። ደመወዝ የለውም፤ የሚሞክረውም በራሱ ገንዘብ በገዛው ዕቃ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሁለት አንቴና ባለው ሰማያዊና ጥቁር ሳጥን ነው። ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ 54ጂ የተባለውን ይህን ራውተር እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ለገበያ አቀረበ። በ2003 ሲስኮ ሊንክሲስን በ500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ገዢው ከኩባንያው ጋር አብሮ የገዛውን ግዴታ በወቅቱ በሚገባ የመረመረ አይመስልም። ራውተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነበር። ሊኑክስ ደግሞ የሚሰራጨው ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ሥር ሲሆን፣ ይህ ፈቃድ ሶፍትዌሩን ይዞ የሚሸጥ ሁሉ የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ ለተጠቃሚው እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሶፍትዌር ባለሙያዎች ጉዳዩን ደርሰውበት ጥያቄ ካነሱ በኋላ ኮዱ በዚያው ዓመት ይፋ ወጣ። በ2004 መጀመሪያ ኦፕን ደብሊውአርቲ ተመሠረተ፤ ስሙንም የወሰደው ከዚሁ ሳጥን ነው። በፈቃዱ ምክንያት የተነሳው ውዝግብ ግን በዚህ አላበቃም። ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በ2008 መጨረሻ ሲስኮን ፍርድ ቤት አቁሞት በ2009 በስምምነት ተዘግቷል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት አለው። በ2005 የወጣው የደብሊውአርቲ 54ጂ አምስተኛ እትም በስምም ሆነ በመልክ ከቀዳሚው አይለይም ነበር። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ፍላሽ ሜሞሪው ከ4 ወደ 2 ሜጋባይት፣ ራሙ ከ16 ወደ 8 ሜጋባይት ወረደ፤ ሊኑክስም ተነስቶ ቪኤክስወርክስ በሚባል አነስ ያለ ሶፍትዌር ተተካ። በሚሊዮን ለሚያመርት ፋብሪካ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ የሚተርፈው ጥቂት ሣንቲም ብዙ ገንዘብ ነው። ሆኖም የራሳቸውን ፈርምዌር ለመጫን ሲሉ ዕቃውን ይገዙ የነበሩ ደንበኞች ስለቀሩበት፣ ኩባንያው አሮጌውን አሠራር ደብሊውአርቲ 54ጂኤል በሚል ስም መልሶ ለገበያ አቀረበው። ይህ ሞዴል ከአሥር ዓመታት በላይ በሽያጭ ላይ ቆይቷል። ከእሱ እጅግ የፈጠኑ ራውተሮች በየመደብሩ በተደረደሩበት በ2016 እንኳ ገዢ ነበረው። ነፃ ኮድ የሳጥንን ዋጋ አያወርድም፤ እንዲያውም ሊያቆየው ይችላል የሚለው ክርክር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለውም።

ሙከራውን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው የስምና የይዘት አለመጣጣም ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የወጣው ኦፕን ደብሊውአርቲ 24.10 ከ1,900 በላይ የመሣሪያ ዓይነቶችን እንዲያገለግል የተዘጋጀ ነው። ኮዱን የሚጽፉት ሰዎች ይህን ሁሉ ሳጥን ገዝተው በጠረጴዛቸው ላይ ሊደረድሩ አይችሉም። ስለሆነም ኮዱ በደረጃ ይወጣል። በመጀመሪያ በየዕለቱ በማሽን የሚገጣጠመውና ማንም ዋስ የማይሆንለት እትም አለ። ቀጥሎ ዕጩ እትም የሚባሉት በተከታታይ ቁጥር ይወጣሉ። የመጨረሻው እትም የሚታወጀው ከዚያ በኋላ ነው። በዕጩ እትሞቹ ጊዜ በየአገሩ ያለው ሞካሪ በእጁ ያለውን ሞዴል ጭኖ ያየውን ይጽፋል።

መጫኑ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ልፋቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዋይፋዩ በሁለቱም የሞገድ መስመሮች መሥራቱ፣ ኬብል የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ከቁጥራቸው ጋር መስማማታቸው፣ ዕቃው ሲጠፋና ሲበራ ቅንብሩን መያዙ በዚያው ቀን ይታያል። ራሙ ቀስ በቀስ እየተበላ በአምስተኛው ቀን ዕቃው ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ ግን የሚታወቀው በአምስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ «ይሠራል» ብሎ በመጀመሪያው ምሽት የሚጽፍ ሞካሪ ያን ያህል አይጠቅምም። የሞዴሉን ስም ብቻ ሳይሆን ከሳጥኑ ሥር የታተመውን የእትም ቁጥር፣ የቀድሞውን ፈርምዌርና የተመዘገበውን የስህተት መልእክት አያይዞ የሚልከው ነው ዋጋ ያለው። ከአንድ ትልቅ እትም ወደ ሌላው ሲታለፍ የቀድሞው ቅንብር የማይተላለፍበት ጊዜም አለ። በ2021 በወጣው 21.02 እትም በብዙ መሣሪያዎች ላይ የኬብል ቀዳዳዎቹ የሚታዘዙበት መንገድ ስለተለወጠ፣ ተጠቃሚዎች ቅንብራቸውን እንደ አዲስ ለመጻፍ ተገደዋል።

ሙከራው ሲከሽፍ ዕቃው «ጡብ» ሆነ ይባላል። ይህ ቃል የሚያስደነግጠውን ያህል ሁልጊዜ የመጨረሻ አይደለም። በሳጥኑ ውስጥ ከፈርምዌሩ ቀድሞ የሚነሳ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ እሱ እስካልተነካ ድረስ መመለሻ ይኖራል። በደብሊውአርቲ 54ጂ ላይ ቡትሎደሩ በሚነሳበት ጊዜ ለጥቂት ሰከንዶች በኬብል ፈርምዌር እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻል ነበር። በኋላ የመጡት የሊንክሲስ ደብሊውአርቲ ኤሲ ሞዴሎች ሁለት የፈርምዌር ክፍሎች ስላሏቸው አንዱ ቢበላሽ በሌላው ይነሳሉ። ቡትሎደሩ ራሱ ከጠፋ ግን ሳጥኑን ከፍቶ፣ ከሰሌዳው ላይ ሽቦ በጥስ አያይዞ በፍላሽ ሜሞሪው ላይ በቀጥታ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን ለሚሠራ ባለሙያ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።

ከጡብ ይልቅ ገንዘብ የሚያባክነው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ቺፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ 1900ኤሲ የተባለውን ራውተር በ280 ዶላር ገደማ ሲያቀርብ ለነፃ ፈርምዌር የተመቸ መሆኑን አስታውቆ ነበር። ዕቃው መደብር ሲደርስ ግን የሚሠራ ነፃ ፈርምዌር አልነበረም፤ የማርቬል ኩባንያ የዋይፋይ ቺፕ የሚታዘዝበት ድራይቨር አልተሟላምና። ድራይቨሩ ዘግይቶ መጣ። በ2019 ደግሞ ማርቬል የዋይፋይ ሥራውን ለኤንኤክስፒ በ1.76 ቢሊዮን ዶላር ሸጠው፤ ከኩባንያው በኩል ለነፃው ድራይቨር ይደረግ የነበረው ክትትልም ተቋረጠ። በሳጥኑ ላይ የታተመው የሊንክሲስ ስም ነበር፤ የዕቃውን ዕድሜ የወሰነው ግን ገዢው ምናልባት ስሙን ሰምቶት የማያውቀው የቺፕ አምራች ነው። የሞካሪ ልፋት ይህን አይጠግንም፤ የተዘጋ ድራይቨር ሲበላሽ ከማየት በቀር የሚደረግ ነገር የለም።

ሕጉም የራሱ ድርሻ አለው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ራውተሮች ከተፈቀደው የሬዲዮ ኃይል በላይ እንዳያስተላልፉ ደንብ ሲያጠብቅ፣ አንዳንድ አምራቾች ቀላሉን መንገድ መርጠው ሌላ ፈርምዌር ጨርሶ እንዳይጫን መዝጋት ጀመሩ። በ2016 ቲፒ ሊንክ በኃይል ጉዳይ 200,000 ዶላር ለመክፈል ሲስማማ፣ ነፃ ፈርምዌር በራውተሮቹ ላይ እንዲጫን መንገድ ለማበጀትም ቃል ገብቷል። እንዲህ ያለ ስምምነት በሬዲዮ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዘንድ የተለመደ አይደለም።

በ2024 መጨረሻ የኦፕን ደብሊውአርቲ ሰዎች ራሳቸው ወደ ገበያው ገቡ። ኦፕን ደብሊውአርቲ ዋን የተባለው ራውተር በባናና ፓይ አምራችነት በ89 ዶላር ገደማ ቀረበ። ከእያንዳንዱ ሽያጭ 10 ዶላር ፕሮጀክቱን ለሚደግፈው ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ ይሄዳል። ትኩረት የሚስበው አሠራሩ ነው። ሁለት የተለያዩ ፍላሽ ሜሞሪዎች ስላሉት በዋናው ላይ ያለው ፈርምዌር ቢበላሽ በማብሪያ ማጥፊያ ወደ ሁለተኛው ተዛውሮ መልሶ መጫን ይቻላል። የጡብነት ሥጋት በዕቃው ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ ተከፍሏል ማለት ነው።

አሮጌ ራውተር ይዞ የሙከራ እትም ለመጫን የሚያስብ ሰው ሒሳቡን በሁለት መንገድ ቢያወጣው ይበጀዋል። ዕቃው በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ትርፍ ከሆነ ቢበዛ የሚጠፋው የዕቃው ዋጋ ነው። የሱቁ ሒሳብ መመዝገቢያና የካርድ ክፍያ የሚያልፍበት ብቸኛው ራውተር ከሆነ ግን የሚጠፋው የዕለቱ ሽያጭ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አይተካለትም። ከፈቃዱ ጋር የተጻፈውም ኮዱ ያለ ምንም ዋስትና የሚሰጥ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ልምድ ያላቸው ሞካሪዎች በሁለት ሳጥን የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይፈተናል።

ሁሉን ያስጀመረው ሰማያዊው ሳጥን ግን ከውድድሩ ውጭ ሆኗል። ከ21.02 ጀምሮ ኦፕን ደብሊውአርቲ ቢያንስ 8 ሜጋባይት ፍላሽና 64 ሜጋባይት ራም ይጠይቃል። ደብሊውአርቲ 54ጂኤል ያለው 4 እና 16 ነው።