የዳሎል ፖታሽ ለምን እስካሁን አልወጣም?



ያደግሁት መርካቶ እህል በረንዳ ነው፤ የተማርኩት ደግሞ ጂኦሎጂ። በዚህ የተነሳ የማዳበሪያ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሰፈሬ ነጋዴዎች አንድ ጥያቄ ያነሱልኛል፦ «አፋር በረሃ ውስጥ ለማዳበሪያ የሚሆን ማዕድን በቢሊዮን ቶን ተኝቷል ይሉናል። ታዲያ ለምን በዶላር እንገዛለን?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ከጎጃምና ከአርሲ መጥቶ በረንዳችን ላይ የሚያራግፍ መኪና ከእህሉ ጋር የማዳበሪያውንም ዋጋ ጭኖ ይመጣል። ገበሬው በሰኔ ያወጣው ብር በጥር የጤፉ ዋጋ ላይ ይታያል። ስለዚህ ዛሬ ጉዳዩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ሰፋ ስለሚል ታገሱኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ማዕድኑ አለ፣ የሚወጣበትም ዘዴ ይታወቃል። ችግሩ ከዳሎል እስከ ገዢው ያለው መንገድ ነው። የእኔ እምነት ደግሞ ገዢውን ከመጀመሪያው ሩቅ አገር መፈለጋችን አዘግይቶናል የሚል ነው።

፩. ፖታሽ ምንድን ነው?

ሰብል ከአፈር በብዛት የሚወስዳቸው የማዳበሪያ ንጥረ ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም። ዩሪያ ናይትሮጅን ይሰጣል። ፖታሽ የምንለው የፖታሲየም ጨዎችን ነው። ፖታሲየም ሲኖር ተክሉ ውሃውን በአግባቡ ይጠቀማል፣ አገዳው ይጠነክራል፣ ፍሬው ይሞላል፣ በሽታንም ይቋቋማል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው በሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ረከስ ያለ ነው፣ ለአብዛኛው ሰብል ይሆናል። ሌላው ፖታሲየም ሰልፌት ነው፤ ክሎራይድ ለሚጎዳቸው አትክልትና ፍራፍሬዎች ይመረጣል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ዳሎል ለሁለቱም የሚሆን ማዕድን አላት።

፪. እዚያ በረሃ ውስጥ እንዴት ተገኘ?

ዳሎል የሚገኝበት የአፋሩ የዳናኪል ረባዳ መሬት ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ይህ ሌሊቱም የቀዝቃዛው ወርም ተደምሮበት ነው።

በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ወደዚህ ስፍራ እየደጋገመ ገብቷል። መግቢያው ሲዘጋ ውሃው በፀሐይ ይተንና ጨው ይቀራል። ይህ ሲደጋገም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የጨው ንጣፍ ተከማቸ። የባሕር ውሃ ሲደርቅ ማዕድኖቹ የሚዘቅጡት በተራ ነው። መጀመሪያ ጂፕሰም፣ ቀጥሎ የምንበላው ጨው፣ በመጨረሻ ውሃው ሊያልቅ ሲል የፖታሲየም ጨዎች ይወርዳሉ። ለዚህ ነው የገበታ ጨው በየቦታው ሲገኝ ፖታሽ በጥቂት አገሮች ብቻ የሚገኘው። ዛሬ ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚያቀርቡት ካናዳ፣ ሩሲያና ቤላሩስ ናቸው።

የዳሎል ፖታሽ ሲልቪናይት፣ ካርናላይትና ካይናይት በሚባሉ ማዕድኖች ውስጥ ይገኛል። በተለይ ካይናይት ሰልፌት በውስጡ ስላለው ውድ የሆነውን ፖታሲየም ሰልፌት ለማምረት ይመቻል።

አወጣጡም ሰው ከመሬት በታች እንዲገባ አያስገድድም። ጉድጓድ ይቆፈርና ውሃ በቧንቧ ይላካል። ውሃው ማዕድኑን አሟሙቶ ይመለሳል፣ በሰፋፊ ገንዳዎች ይዘረጋል፣ ፀሐይ ታደርቀዋለች። የደረቀው ተሰብስቦ ፋብሪካ ውስጥ ከተራው ጨው ይለያል። ሌላ አገር ነዳጅ ተቃጥሎ የሚገኘውን ሙቀት ዳሎል በነጻ ትሰጣለች።

፫. መቶ ዓመት የተሞከረ ሥራ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የዓለም ፖታሽ በአብዛኛው የሚመጣው ከጀርመን ነበር። ጦርነቱ ይህን ሲያቋርጥ ዋጋው ናረ። ኤርትራን ይዘው የነበሩት ጣሊያኖች ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ተነስቶ ዳሎል ሊደርስ 28 ኪሎ ሜትር ሲቀረው የሚያበቃ ጠባብ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው በ1918 ጨረሱ። ወደ 50 ሺህ ቶን ገደማ እንደወጣ ይነገራል። ጦርነቱ አበቃ፣ የሌሎቹ አገሮች ፖታሽ ገበያውን ሞላው፣ የዳሎልም ሥራ ቆመ። በኋላ የተደረጉት ሙከራዎችም አልዘለቁም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ አስተዳደር ሐዲዱን ነቅሎ ወሰደው።

ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካው ፓርሰንስ ኩባንያ መጣ። ብዙ ጉድጓድ ቆፍሮ ማዕድኑን አጠና፣ ሙስሊ በተባለው ቦታም ወደ ውስጥ የሚያስገባ ጉድጓድ አወረደ። ጉድጓዱን ውሃ ሞላው፣ ኩባንያውም በ1960ዎቹ መጨረሻ ጥሎ ወጣ። በጨው ጡብ የተሠሩት የዚያ ሰፈር ፍርስራሾች እስከ ዛሬ ይታያሉ።

በ2008 የዓለም ፖታሽ ዋጋ በጣም ሲንር የዳሎል ስም እንደገና ተነሳ። ሦስት ኩባንያዎችን ብቻ ላንሳ።

የካናዳው አላና ፖታሽ በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ፖታሲየም ክሎራይድ ለማምረት 642 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልገው በ2013 አስታወቀ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይም የማምረት ፈቃድ ተቀበለ። ነገር ግን በሐምሌ መጨረሻ የሩሲያው ኡራልካሊ ከቤላሩስ ጋር የነበረውን የጋራ ሽያጭ አፍርሶ የዓለም ዋጋ መውረድ ጀምሮ ነበር። ፈቃዱ የተገኘው ዋጋው በወደቀ በሦስተኛው ወር ገደማ መሆኑ ነው። በ2015 የእስራኤሉ አይሲኤል አላናን ጠቅልሎ ገዛ። በጥቅምት 2016 ፕሮጀክቱን አቋረጠ። ኩባንያው ምክንያት ያደረገው የሚያስፈልገው መሠረተ ልማት አልቀረበልኝም፣ አግባብ ያልሆነ ግብርም ተጣለብኝ የሚል ነበር። ክርክሩ እስከ ዓለም አቀፍ ግልግል ደረሰ።

የኖርዌዩ ያራ ደግሞ በ2015 ለ23 ዓመት በየዓመቱ 600 ሺህ ቶን ፖታሲየም ሰልፌት የማምረት ጥናት ይፋ አደረገ፤ ወጪው 740 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሰርከም ሚነራልስ የተባለው ሦስተኛው ኩባንያ 4.9 ቢሊዮን ቶን የማዕድን ሀብት እንዳገኘ አሳወቀ፣ በ2017 ፈቃድ ወሰደ። ከሦስቱ የአንዱም ፋብሪካ ቆሞ ምርት ሲሰጥ አላየንም። በ2020 የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ሲደርስ ደግሞ ከመቀሌ በበርሃሌ ወደ ዳሎል የሚወስደው መንገድ ራሱ የጦርነት ቀጠና ሆነ።

ስለ ቢሊዮኑ ቶን አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚጠራው ቁጥር የዓለቱ ክብደት ነው። በሰርከም ግምት ከዚያ ውስጥ ፖታሲየም ክሎራይዱ ከአምስት እጅ አንዱን አይሞላም። ከእሱም ቢሆን ወጪውን ችሎ ትርፍ እያስገኘ የሚወጣው ከፊሉ ብቻ ነው።

፬. ሒሳቡን በኩንታል እንሥራው

አሁን እናንተ ከእኔ በላይ ወደምታውቁት ነገር እንምጣ፤ ጭነት።

1 ሚሊዮን ቶን ማለት 10 ሚሊዮን ኩንታል ነው። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ይጭናል ብንል በዓመት 25 ሺህ ጉዞ ያስፈልጋል። ገናም ፋሲካም ሳይባል በየቀኑ ወደ 68 መኪና ከዳሎል መነሳት አለበት፤ የሚመለሱትም አብዛኞቹ ባዶ ናቸው።

ወዴት ነው የሚሄዱት? ከዳሎል እስከ ቅርቡ የቀይ ባሕር ዳርቻ በቀጥታ ቢለካ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዳርቻው ግን ኤርትራ ነው፤ ከ1998 ጦርነት ወዲህም በዚያ በኩል ንግድ አልዘለቀም። ስለዚህ ጭነቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ዞሮ ጅቡቲ መድረስ አለበት። ጅቡቲ ይህንኑ ፖታሽ አስባ የታጁራን ወደብ ሠርታ በ2017 አስመረቀች። ወደቡ ተከፈተ፣ ፖታሹ ግን አልደረሰም።

ድንበሩን ተሻግራችሁ ብታዩ ልዩነቱ ይገባችኋል። ኤርትራ ውስጥ ባለው ኮሉሊ የተባለ የፖታሽ ፕሮጀክት ላይ ማዕድኑ 16 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይገኛል፣ ባሕሩም ቅርብ ነው። በ2023 የአውስትራሊያው ዳናካሊ በፕሮጀክቱ ውስጥ የነበረውን ግማሽ ድርሻ ለቻይና ኩባንያ በ166 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ረባዳው መሬት አንድ ነው፤ የገዢውን ዓይን የሚስበው ለባሕሩ የሚቀርበው ዳር ነው።

ፖታሽ ወርቅ አይደለም። ወርቅ በኪስ ተይዞ ይወጣል። ፖታሽ ግን እንደ ሲሚንቶ ከባድና በክብደቱ ልክ ርካሽ ነው፤ የመኪና ኪራዩ ትርፉን ሊበላው ይችላል። የዓለም ዋጋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚዘጋው ከባሕር የራቀው ማዕድን ነው።

፭. ታዲያ ምን ይሁን? የእኔ ሐሳብ

እስከ ዛሬ የተነደፉት ትልልቅ ዕቅዶች ዓይናቸውን ወደብ ላይ የጣሉ ነበሩ። ለዚህ ምክንያት አለው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተደረገው የመርፊ የአፈር ጥናት የኢትዮጵያ አፈር በፖታሲየም ሀብታም ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲያ ለአሥርት ዓመታት የገበሬያችን ማዳበሪያ ፖታሲየም የሌላቸው ዩሪያና ዳፕ ብቻ ሆነ። አገር ውስጥ ገዢ የለም ከተባለ ኩባንያው ውጭ ውጭውን ማየቱ አይገርምም።

ይህ ድምዳሜ ግን እንደገና ተፈትሿል። በ2012 በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተጀመረው የአፈር መረጃ ሥራ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮን በብዙ ቦታ፣ ፖታሲየም ደግሞ በአንዳንድ አካባቢዎች መጉደሉን አሳየ። መሬት በየዓመቱ እየታረሰ ገለባው ጭምር ለከብትና ለማገዶ ሲነሳ ፖታሲየሙም አብሮ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ የዩኒየኖች የማዳበሪያ ማደባለቂያ ፋብሪካዎች በቱሉ ቦሎ፣ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በነቀምቴና በወራቤ ተተከሉ።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። ፖታሻችንን ወደ ውጭ ስንልክ ርቀቱ ይጎዳናል። ለራሳችን ስንጠቀምበት ግን ያው ርቀት ይጠቅመናል፤ የካናዳ ወይም የሩሲያ ፖታሽ ባሕር አቋርጦ፣ ጅቡቲ ተራግፎ፣ ዳገት ወጥቶ ነው ኢትዮጵያ የሚደርሰው። ያንን ሁሉ ኪራይ የዳሎል ፖታሽ አይከፍልም።

የዚህ ማስረጃ ሱቃችን ውስጥ አለ። ከ1998 በፊት ኢትዮጵያ ጨው በብዛት የምታገኘው ከአሰብ ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋ የአፍዴራ ሐይቅ ጨው አደገ። ዘዴው በገንዳ ዘርግቶ በፀሐይ ማድረቅ ነው፤ በረሃው ያው የአፋር በረሃ ነው፤ ጭነቱም ከባድና ርካሽ ነው። ያ ጨው ወደብ ሳያስፈልገው መርካቶ ደርሶ በኩንታል ይሸጣል። ከዚያም በፊት አርሆ የሚባሉት የጨው ቅፍለተኞች ለዘመናት አሞሌ በግመል እየጫኑ ከዳናኪል ወደ ደጋ ሲያወጡ ገዢያቸው ደገኛው ነበር። ከዚያ በረሃ የዘለቀው ንግድ የአገር ውስጥ ገዢ የነበረው ነው።

ስለዚህ ከ1 ሚሊዮን ቶን ይልቅ መጠኑን ዝቅ አድርጎ፣ ለማደባለቂያ ፋብሪካዎቹና ለአትክልትና ለአበባ እርሻዎቻችን ፖታሲየም ሰልፌት የሚያቀርብ ሥራ ቢጀመር ይሻላል እላለሁ። ትንሽ ፋብሪካ በቶን የሚያወጣው ወጪ ከትልቁ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ግን ልዩነቱን ከመጓጓዣው ቁጠባ ጋር ማነጻጸር ይገባል። ጎዴ ላይ ከዳንጎቴ ጋር በ2025 የተፈረመው በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት የዩሪያ ፋብሪካ ሲደርስ ናይትሮጅኑን እናገኛለን፤ ፖታሲየሙን ለማሟላት የሚሻለው ጊዜም ያኔ ነው።

ከዚህ ጋር የአፋር ወገኖቻችንን ጉዳይ መዝለል አይቻልም። ማዕድኑን የሚያሟሟው ውሃ ከምዕራቡ ተራራ ሥር ካለው የከርሰ ምድር ውሃ ነው የሚታሰበው። አርብቶ አደሩም ከብቱን የሚያጠጣው ከዚያው አካባቢ ነው። ጨው እየቆረጡ የሚያድሩ ሰዎችም አሉ። የውሃው መጠን ሳይለካ፣ የአካባቢው ሰው ሥራና ድርሻ በውል ሳይጻፍ የሚጀመር ፕሮጀክት ፍትሕ የለውም፤ ብዙም አይቆይም።

እንግዲህ ወደፊት «የዳሎል ፖታሽ ሊመረት ነው» የሚል ዜና ስትሰሙ አራት ነገር ጠይቁ። ምርቱን ማን ነው የሚገዛው፣ ውሉስ ተፈርሟል? በየት በኩል ይጫናል፣ በኩንታልስ ኪራዩ ስንት ነው? ውሃው ከየት ይመጣል፣ ባለቤቶቹስ ተስማምተዋል? የግብሩና የመሠረተ ልማቱ ግዴታ ገንዘብ ከመፍሰሱ በፊት በግልጽ ተጽፏል? የቶኑን ብዛት ከእነዚህ በኋላ ጠይቁ። አራቱ መልስ ካላቸው ዜናውን በደስታ አጋሩልኝ፤ እኔም በደስታ እጽፋለሁ። አራቱም ባዶ ከሆኑ ግን ጣሊያኖቹም፣ ፓርሰንስም፣ አላናም ከቆሙበት ቦታ ገና አልተነሳንም ማለት ነው።