ያለቀ የከባድ መኪና ጎማ እንደ ምን ይታደሳል?

የከባድ መኪና ጎማ ጥርሱ ባለቀ ጊዜ ለበረባሶ ካልሆነ በቀር ለሌላ ነገር አይረባም ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጎማ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ከመንገድ ጋር እየተፋጨ የሚያልቀው ጥርስ ነው፤ ሁለተኛው ጭነቱንና የነፋሱን ግፊት የሚሸከመው አካል ነው። አካሉ ከላስቲክና ከብረት ሽቦ የተሠራ ስለ ሆነ፥ በደኅና ከተያዘ ጥርሱ ካለቀ በኋላም ለሥራ ይበቃል። የጫማ ሶላ ሲያልቅ ቆዳው ጤነኛ ከሆነ ጫማ ሰፊው አዲስ ሶላ እንደሚመታበት፥ ያለቀውንም ጎማ አዲስ ጥርስ ማልበስ ይቻላል። ይህ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናስረዳ አሰብን።

የሥራው መጀመሪያ ምርመራ ነው፤ ዋናውም ይኸው ነው። መርማሪው ጎማውን በብርሃን ፊት እያሽከረከረ ውስጡንና ውጭውን ይመለከታል፥ በእጁ ይዳስሳል፥ የተደበቀውን ምስማርና ስንጥቅ በወስፌ ይፈልጋል። ከላስቲኩ ንጣፎች መካከል የተላቀቀ እንዳለም በጨረር መሣሪያ የሚመረምሩ ፋብሪካዎች አሉ። ሽቦው የዛገ፥ ወይም ነፋሱ ጐድሎ ሳለ ብዙ መንገድ በመነዳቱ ውስጡ የተቃጠለ ጎማ ከተገኘ መጣል አለበት።

ምርመራውን ያለፈው ጎማ ቶርኖ በሚመስል መኪና ላይ ተገጥሞ ነፋስ ይሞላል፤ የቀረውም አሮጌ ጥርስ በሚሽከረከር ሞረድ ይፋቃል። ፊቱ ሻካራ ሆኖ የሚቀረው አዲሱን ላስቲክ አጥብቆ እንዲይዝ ነው። ቀጥሎም ቀዳዳና ቍስል ያለበት ስፍራ እስከ ጤነኛው ላስቲክ ድረስ ተጠርጎ ይጠገናል።

ከዚህ በኋላ አዲሱን ጥርስ የማልበስ ተራ ይደርሳል። ለዚህም ሁለት መንገድ አለ። በመጀመሪያው መንገድ፥ ጥሬ ላስቲክ በጎማው ላይ ተጠቅልሎ የጥርሱ ቅርጽ በተቀረጸበት የብረት ፎርማ ውስጥ በ150 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይበስላል። በሁለተኛው መንገድ ግን ጥርሱ አስቀድሞ በስሎ እንደ ቀበቶ ተዘጋጅቶ ይመጣል። በጥርሱና በጎማው መካከል ስስ ጥሬ ላስቲክ ይነጠፋል፤ ነፋስ እንዳይቀርበትም በሚገባ ይዳመጣል። ከዚያም ጎማው በላስቲክ ከረጢት ተሸፍኖ፥ በሚዘጋ ትልቅ የብረት ምድጃ ውስጥ ከ100 ዲግሪ ብዙ በማይርቅ ሙቀትና በነፋስ ግፊት ለጥቂት ሰዓቶች ይቈያል። ጥሬው ላስቲክ ሲበስል አሮጌውንና አዲሱን አንድ አድርጎ ያጣብቃቸዋል። ይህን ሁለተኛ መንገድ ያወጣው በርናርድ ኖቫክ የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ሮይ ካርቨር የተባለ አሜሪካዊ መብቱን ገዝቶ ባንዳግ በሚባለው ኩባንያ አስፋፋው።

የጥቅሙ ምክንያት ግልጽ ነው። ከጎማው የሚበልጠው ክፍል እንደ ነበረ ስለሚቀር፥ የሚፈልገው አዲስ ላስቲክ ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ከአዲስ ጎማ ያነሰ ነው። የአውሮፕላን ጎማ እንኳ ደጋግሞ እየታደሰ ይሠራል።

የታደሰ ጎማ በመንገድ ላይ ይበጣጠሳል የሚል ስጋት ግን በብዙ ሾፌሮች ዘንድ ይሰማል። በ2008 በአሜሪካ መንግሥት አስጠኚነት በየመንገዱ የወደቁ የጎማ ቍርጥራጮች ተለቅመው ሲመረመሩ፥ የታደሱትም ያልታደሱትም በሥራ ላይ ባሉት መጠን ተገኝተዋል። እንግዲያውስ ነቀፋው በመታደሱ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ከጎማ ጠላቶች ዋነኛው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱንም የሚያበዙት የነፋስ ማነስ፥ የጭነት መብዛትና የፍጥነት መጨመር ናቸው። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚጫን መኪና 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የአፋርን ቈላ አቋርጦ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደ ሆነ ደጋ ይወጣል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ነፋሱ የጐደለ ጎማ፥ አዲስም ቢሆን፥ አይዘልቅም።

ስለዚህ የመንግሥት መኪና በኀላፊነት የተረከበ ሹም የሚከተለውን ቢያስፈጽም ይጠቅማል። የነፋሱ ልክ ጧት ጎማው ሳይሞቅ ይታይ። ሽቦው እስኪታይ ሳይጠበቅ ጎማው ይውረድ፤ ሽቦው ከተጐዳ የሚታደስ ነገር የለምና። የታደሰው ጎማ በኋላ እግርና በተሳቢ ላይ ይግባ፤ በአሜሪካ ደንብ በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ ማግባት የተከለከለ ነው። ከሁሉም በላይ ግን፥ መርማሪው አይሆንም ብሎ የጣለውን ጎማ፥ ወጪ ለመቈጠብ ሲባል፥ ማንም በትእዛዝም ሆነ በልመና ወደ ሥራ እንዳይመልስ ይሁን።